ላይተር የምትመስለው ካሜራ በአቃቂ ቃሊቲ

እንደሚሠራ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ዕቃ ሰው ሁሉ «መጫወቻ ነው» ብሎ ስቆባችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ከእኔ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌንም ገጥሟቸዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለታችንን ያገናኘውን ጉዞ ይተርካል።

ዲላ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛኋት አንዲት ካሜራ አለችኝ። ካሜራ ስል አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን እንዳታስቡ። ይህቺ መዳፍ ውስጥ ተደብቃ የምትቀር፣ የብረት ላይተር የምትመስል ናት። ሁለቱን ጫፎቿን ይዛችሁ ስትስቧት ትረዝማለች፤ መልሳችሁ ስትገፏት ታጥራለች። በዚህ መሳብና መግፋት ፊልሙ የአንድ ፎቶ ያህል ይራመዳል፤ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያዋም ለሚቀጥለው ፎቶ ይዘጋጃል። የፊልሟ ስፋት ከጣት አይበልጥም። አንዱ ፎቶ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው።

እንዲህ ያለ ቀጭን ፊልም ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም። ይህ ግን አያሳስብም፤ ተራውን ፊልም ጨለማ ውስጥ በቁመቱ ሰንጥቆ ሁለት ቀጫጭን ፊልሞች ማውጣት ይቻላል። እኔ ለዚህ ሥራ እንጨት ላይ ምላጭ አስሬ መሰንጠቂያ ሠርቻለሁ። ሊሠራ ያልቻለው ካሴቱ ነው። ካሴት የምለው ሁለት ትንንሽ በርሜሎች በአንድ ድልድይ የተያያዙበትን የፕላስቲክ ዕቃ ነው። አንደኛው በርሜል ፊልሙን ይሰጣል፣ ሌላኛው ይቀበላል። የእኔ ካሜራ ያለ ካሴት ነበር የተሸጠችልኝ። የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ «ጥይት የሌላት ሽጉጥ» ይሏት ጀመር።

መፍትሔው የመጣው ከጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ አዲስ አበባ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከዲላ ቡና የሚጭኑ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆኑ ጭነት እስኪደርስላቸው እኛ ደጅ ከአባቴ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቀን ካሜራዋን እጄ ላይ አዩና «ይህንንማ አውቀዋለሁ!» አሉ። «እኛ ሰፈር አቅራቢያ፣ ቂሊንጦ በኩል፣ አባ ቶሎሳ የሚባሉ ሰው አላቸው። ካሜራ ነው ይላሉ። ቤተሰቡ ግን ‹ላይተሩ› ነው የሚለው።»

ወዲያው በስልክ አገናኙን። የአባ ቶሎሳ ካሜራ የውሃ በርሜል ውስጥ ወድቃ በዝገት መሳብና መግፋቱ ተቆልፎባታል፤ ካሴቱ ግን ደህና ነው። እንዲሸጡልኝ ጠየቅኋቸው።

«አልሸጥም» አሉኝ። «ነይና ፎቶ አንሺበት። ፎቶውን አውጥተሽ ለእነዚህ ቤተሰቦቼ አሳዪያቸው። ያን ጊዜ በነፃ ትወስጂዋለሽ።»

«ፎቶው ካልወጣስ አባ?»

«ካልወጣ ላይተር ነው ማለት ነው። ላይተር ደግሞ ለትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?»

በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ለመሄድ ወሰንኩ። ማክሰኞ ትምህርት ይጀመራል፤ ስለዚህ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ፎቶ መውጣት አለበት።

ዓርብ

ገና ሳይነጋ ከዲላ ተነሣሁ። ሻንጣዬን በሥርዓት ነበር ያዘጋጀሁት። ከላይ ልብስ፣ ከሥር ሦስት ጎድጓዳ ሳህኖች፣ በሳህኖቹ ውስጥ ፊልም ማጠቢያ ዱቄቶች። ቤት ሳለሁ የሰነጠቅኋቸው ሁለት ቀጫጭን ፊልሞች ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ኤንቨሎፕ ተጠቅልለው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበሩ።

እስከ ሐዋሳ መንገዱ የእኛው አገር ነው፤ ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና። ከሻሸመኔ በኋላ አገሩ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይሰፋል፣ ግራሩ ተራርቆ ይቆማል። እዚያ አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ወጣት ነው። ሻንጣዬን ከፍቶ ነጩን ዱቄት ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድነው ይሄ?»

እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ ማሳጠር አልችልም። «አንደኛው ሶዳ ነው፤ ማጠቢያውን ለማንቃት። ሁለተኛው ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የመጣ ጨው ነው፤ ብርሃን ያልነካውን ብር ከፊልሙ ላይ ያሟሟል። ብር ስል የኪስ ብር ሳይሆን...»

«መምህርት!» አሉ አንድ ተሳፋሪ ከኋላዬ። «እየተፈተሽሽ ነው ወይስ እያስተማርሽን ነው? ፀሐይ ላይ ነን እኮ!»

ፈታሹ ጥቁሩን ኤንቨሎፕ አወጣ። «ክፈቺው።»

«አልችልም። ከተከፈተ ይሞታል።»

«እንስሳ ነው እንዴ?» አለች ሕፃን ያዘለች ሴት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሁለት ፊልም ብቻ ነው ያለኝ። ጃኬቴን አወለቅሁና ኤንቨሎፑን መሃሉ ላይ አድርጌ ጠቀለልኩት። ከዚያ ፈታሹን በሁለቱ እጅጌ በኩል እጆቹን እንዲያስገባ፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ከፍቶ በጣቱ እንዲዳብስ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና አስገባ።

«ሪባን ነው» አለ።

«ፊልም ነው።»

«በቃ ሂጂ ሪባንሽን ይዘሽ።»

ዝዋይ ስንደርስ ለምሳ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ አዘዝኩ፤ ያቺ ሕፃን ያዘለችው ሴት አጠገቤ ተቀምጣ «እስቲ ስለሚሞተው ነገር ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ዓሣዬ እስኪቀዘቅዝ ነገርኳት።

ቃሊቲ መናኸሪያ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ዲላ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ የባጃጅ ነው። እዚህ ከባድ መኪና፣ ተሳቢ፣ አውቶቡስ፣ የታክሲ ረዳት፣ ሁሉም በአንድነት ይጮሃል። የእኛ አፈር ቀይ ሆኖ ጫማ ላይ ይጣበቃል፤ የዚህኛው አቧራ ሆኖ ዓይን ውስጥ ይገባል። ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ሻንጣዬን ሳልሰጣቸው ተቀበሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው ተሸከሙት፤ ታክሲ ይዘን ወደ ኮዬ ፈጬ ሄድን።

ኮንዶሚኒየሙ ማለቂያ የለውም። አንድ ሕንፃ አልፋችሁ ሌላው ያው ራሱ ይመስላል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ በር ላይ አቅፈው ሳሙኝና «ረሃብ ገድሎሻል፣ ግቢ የኔ እናት!» አሉ። በርበሬው ደመቅ ያለ የዶሮ ወጥ ቀረበልኝ። እኛ ቤት እንግዳ ጠገብኩ ካለ ሁለት ጊዜ ለምነን እንተወዋለን። እትዬ ዘሐራ ግን መለመንም መተውም አያውቁም፤ ዝም ብለው ይጨምራሉ።

ከእራት በኋላ ዕቃዬን ስዘረጋ አንዱን ጣሳ አነሡት። «ይሄስ?»

«በውሃ የሚሟሟ የዱቄት ቡና ነው።»

ጣሳውን ቁጭ አደረጉት። «ከዲላ? ሰይድ፣ ና እስቲ ጉድ ስማ! ከቡና አገር መጥታ የዱቄት ቡና ይዛለች!»

«ለመጠጥ አይደለም እትዬ። ለፊልሙ ነው። ቡና ውስጥ ያለው አሲድ ከሶዳና ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲሆን የተደበቀውን ምስል ያወጣዋል።»

«እንግዲያውስ ፊልሙም አሳዘነኝ» አሉ።

ቅዳሜ

አባ ቶሎሳ ጋ የሄድነው በጠዋት ነው። ከኮዬ ወደ ቂሊንጦ ስትሄዱ መንገዱ ዳር የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው እስረኛ ለመጠየቅ የሚሄዱ ሴቶችም አሉ። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ስትሉ ግን በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ታገኛላችሁ፤ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ላሞች፣ የጭድ ክምር። ዙሪያውን ፎቅ ከብቦታል። አባ ቶሎሳ በፊት እርሻቸው እስከዚያ ማዶ ሕንፃ ድረስ እንደነበር በከዘራቸው አሳዩኝ።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሳል የሚበዛባቸው ሰው ናቸው። ካሜራቸውን ከትራሳቸው ሥር አወጡ። የእኔን አጠገቧ አስቀመጥኩ። ሁለቱ እንደ መንትያ አንድ ናቸው። አባ ቶሎሳ በኦሮምኛ ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ቤተሰቡ ወጣ። የልጅ ልጃቸው ጫልቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የጠዋት ፈረቃ ስላልነበራት ቤት ነበረች። ልጃቸው ደረጄ የግንባታ ድንጋይ ያቀርባል።

«ተመልከቱ» አሉ አባ ቶሎሳ። «ከዲላ የመጣች መምህርት ናት። ካሜራ ነው ብላለች።»

ጫልቱ ሁለቱንም ካሜራዎች አየች። «አካኮ» አለች፤ አያቷን እንዲህ ነው የምትጠራቸው። «አሁን ሁለት ላይተር ሆነ ማለት ነው።»

«ፎቶው ሲወጣ እናያለን!»

«እኔም እሱን ነው የምለው፤ ሲወጣ እናያለን።»

ካሴቱን ከተቆለፈችው ካሜራ በቀስታ አወጣሁት። ፊልሙን ካሴቱ ውስጥ ለማስገባት ጨለማ ያስፈልጋል። ጓዳው መስኮት ስላለው አልጋ ላይ ወጣሁና ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ለበስኩ። ከውጭ ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

«ቲቸርን ብርድ ያዛት ወይስ ወባ?» ይህ ደረጄ ነው።

«እያማጠች ነው፤ ላይተር ልትወልድ» አለች ጫልቱ።

በላብ ተጠምቄ ወጣሁ። ፊልሙ ገብቷል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል በጥንቃቄ ፎቶ አነሣሁ። የአቃቂ ፀሐይ ከእኛው የደመና ብርሃን ትበረታለች፤ ስለዚህ የካሜራዋን ቀዳዳ ጠበብ አድርጌ ነበር። አባ ቶሎሳ ከኋላዬ ቆመው ምን እንደማደርግ ሲጠይቁኝ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እጃቸውን ወደ ካሜራዋ ሲዘረጉ ግን «ትንሽ ይቆዩ አባ፣ እንዳይንቀጠቀጥ» አልኳቸው። እጃቸውን መለሱ።

ምሳ ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ በላን። እኛ አገር ቅቤው ከቆጮ ጋር ነው የሚመጣው፤ እዚህ ቂጣው ራሱ ቅቤውን ጠጥቶት ይቀርባል። የአባ ቶሎሳ ሚስት ሁለተኛ ሳህን ሲያመጡልኝ እንደ እትዬ ዘሐራ ሳይለምኑ አስቀመጡልኝ። ይህ የአገሩ ሕግ ነው አልኩ በልቤ።

ማታ ኮዬ ፈጬ ተመለስኩ። የኮንዶሚኒየሙ መታጠቢያ ቤት መስኮት የለውም፤ ለፊልም ማጠቢያ የታሰበ ነው የሚመስለው። የበሩ መቀርቀሪያ ግን ተሰብሯል። ለቤቱ ሰው ሁሉ አስታወቅሁ። በሩ እንዳይከፈት፣ ማብሪያው እንዳይነካ፤ ለዚህ ፊልም ቀይ መብራት እንኳ አይሆንም። እትዬ ዘሐራ «አብሽሪ፣ ማን ይነካዋል?» አሉ። ሦስቱን ሳህኖች ወለሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርኩ። የመጀመሪያው የቡናው ማጠቢያ፣ መሃለኛው ውሃ፣ የመጨረሻው ያ ብሩን የሚያሟሟው ጨው። ስልኬን ማንቂያውን ሞልቼ ከበሩ ውጭ ተውኩት። ከዚያ በሩን ዘጋሁና ፊልሙን ከካሴቱ አውጥቼ ሁለቱን ጫፎቹን በመያዝ በማጠቢያው ውስጥ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ አመላልሰው ጀመር።

ከደረጃው በኩል የልጆች ጩኸት ተሰማ። የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ኖሯል። እኔ ጨለማ ውስጥ ስለነበርኩ መጥፋቱን በምን ልወቅ?

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። «ውይ የኔ እናት! በጨለማ ጥለንሽ!» የእትዬ ዘሐራ ስልክ ባትሪ በቀጥታ እጄ ላይ በራ።

ወዲያው አጠፉት። ብርሃኑ ግን የሚሠራውን ሠርቶ ነበር። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አጠብኩት፤ ምናልባት ጥቂቱ ተርፎ እንደሆን ብዬ። ከዳር እስከ ዳር እንደ ከሰል ጥቁር ሆኖ ወጣ።

እትዬ ዘሐራ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው ሳሎን ተቀመጡ። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ፊልም ነው እትዬ፤ ሰው አልሞተም።»

«መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ብርሃን ለእንግዳ ነው። እናታችን እንዲህ ነው ያሳደገችን። እጄ ነው የሠራው፤ እኔ አላሰብኩም።»

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ለእኔ አንድ ቀን መብራት አምጥታ አታውቅም።»

«አንተማ ከመንገድ በመጣህ ቁጥር እንግዳ ነህ» አሉ። «ግን እንግዳ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።»

ሳቅሁ። ግን እንቅልፍ እስኪወስደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ አንድ ፊልምና አንድ ቀን ቀርቶኛል።

እሑድ

አባ ቶሎሳ ግቢ ስደርስ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ተሰብስቧል። ያገቡ ልጆች፣ ምራቶች፣ ጎረቤት ሳይቀር። ወሬው ተሰምቷል። ፊልሙን አወጣሁና ጥቁሩን አሳየሁ፤ መደበቅ ለአስተማሪ አይሆንም።

«ተቃጠለ» አሉ አባ ቶሎሳ በዝግታ።

«ላይተር አይደል እንዴ!» አለች ጫልቱ። «ማቃጠል ሥራው ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አባ ቶሎሳ አልሳቁም። ክንዴን ይዘው ወደ ላሞቹ በረት ወሰዱኝ።

«ልጄ» አሉ፤ «አንድ ነገር ልንገርሽ። ካሜራውን የሰጠኝ እዚህ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የገጠመ ፈረንጅ ነው። ወጣት ነበርኩ። ፊልም አስገብቶ ሰጠኝ፣ አባቴንም እናቴንም በሬዎቹንም አነሣሁ። ፊልሙን ከካሴቱ አወጣና ‹አገሬ አሳጥቤ እልክልሃለሁ› ብሎ ሄደ። አልላከም።»

«ታዲያ ፎቶዎቹን...?»

«አይቼ አላውቅም። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ካሜራ ነው እያልኩ እሟገታለሁ። እውነት አንሥቼ ነበር? ወይስ ፈረንጁ ሲቀልድብኝ ነው? አሁን አሁንማ እኔም እነሱ እንደሚሉት ማሰብ ጀምሬአለሁ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ከካሴት በላይ እንደሆነ ገባኝ። ትናንት የዘረጉትን እጃቸውንም አስታወስኩ።

«ዛሬ የሚያነሡት አንቱ ነዎት» አልኳቸው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል ብለሽ አልነበር?»

«ይንቀጥቀጥ። ክርንዎን ከጎንዎ ያስጠጉ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ፣ ቀስ አድርገው ይጫኑ። ወታደር ሲተኩስ እንደሚያደርገው ነው።»

እንደገና ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ፤ እንደገና ተሳቀብኝ። ስወጣ በእንጨት መሬት ላይ መስመር ሠራሁ። ይህቺ ካሜራ የርቀት ማስተካከያ የላትም፤ ሰው በጣም ከቀረባት ይደበዝዛል። ስለዚህ ቤተሰቡን በሙሉ ከመስመሩ ማዶ፣ የቆርቆሮው በር ፊት ለፊት አቆምኩ። አባ ቶሎሳ ከመስመሩ ወዲህ ቆሙ። ካሜራዋን ሳቧት፣ ገፏት፤ ጣታቸው አልረሳም። ዓይናቸው ላይ አደረጓት።

ደረጄ ከጭዱ ክምር አንድ ዘለላ መዝዞ አፉ ላይ ሰካ፤ እንደ ሲጋራ። አንገቱን ወደ አባቱ አስግጎ «አባ፣ ለኩሱልኝ!» አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ጫልቱ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች። የካሜራዋ ድምፅ ከዚያ ሳቅ በታች «ቲክ» አለ፤ ከእኔና ከአባ ቶሎሳ በቀር የሰማው የለም።

ፊልሙ እስኪያልቅ አነሡ። ላሞቹን፣ ሚስታቸውን፣ እርሻቸው የነበረበትን ሕንፃ።

ኮዬ ፈጬ ስመለስ መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደጠፋ ነው፤ የሁሉም ስልክ ባትሪ ሞቷል። ጋሽ ሰይድ ሞጆ ጭነት ሄደዋል። ማጠቢያው የሚፈልገውን ጊዜ በምን ልለካ? የግድግዳ ሰዓቱ ጨለማ ውስጥ አይታይም። እትዬ ዘሐራን ከውጭ ቆመው ሰዓቱን እያዩ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ከውጭ አልቆምም» አሉ። «ሌላ ሰው መጥቶ ይከፍተዋል። ውስጥ ገብቼ በሩን በጀርባዬ እይዘዋለሁ።»

«ጊዜውስ?»

ሙስበሃቸውን አወጡ፤ የጸሎት መቁጠሪያ ነው። «ይህ መብራት አይፈልግም።»

አስተማሪ ነኝና ሳልፈትን አላምንም። ገና ቀን ሳለ ከግድግዳ ሰዓቱ ፊት ተቀምጠው ጨሌውን እየቆጠሩ የአላህን ስም በማውሳት አንድ ዙር ዝክር አደረጉ፤ ደገሙት፤ ሦስተኛም አደረጉ። ዙሩ ሁልጊዜ እኩል ጊዜ ይወስዳል። ፊልሙ የሚፈልገው አራት ዙር ተኩል ሆኖ ተገኘ።

ሲመሽ ገባን። እኔ ተንበረከክሁ፤ እሳቸው በሩን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የቡናው ሽታ ጠባቡን ክፍል ሞላው። ፊልሙ ጣቶቼ መሃል ይንሸራተታል፤ ከኋላዬ የጨሌው ቅጭልታና የእትዬ ዘሐራ ሹክሹክታ ይሰማል። ሁለተኛው ዙር አለቀ፤ ጉልበቴን ነካ አድርገው ነገሩኝ። ሦስተኛው ተጀመረ።

የሳሎኑ በር ተከፈተ። «ዘሐራ!» የጎረቤት ሴት ድምፅ ነው። «እንግዳሽ በጨለማ ነው ያለችው? ሻማ ይዤላችሁ መጣሁ!» እርምጃዋ ወደ እኛ ቀረበ። የበሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ።

«ሂጂ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘሐራ። «ሻማሽን ይዘሽ ሂጂ!»

«ምነው ዘሐራ? ምን በደልኩሽ?»

«ምንም! በአላህ ይዤሻለሁ ሂጂ! ነገ እነግርሻለሁ!»

እርምጃው ራቀ። እኔ ፊልሙን ማመላለሴን አላቆምኩም። «እትዬ፣ ቁጥሩ ጠፋ?»

«አፌ ሲጮህ ጣቴ አልቆመም» አሉ። «አብሽሪ፣ ቀጥዪ።»

አራቱ ዙር ተኩል ሲሞላ ፊልሙን ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ መጨረሻው ሳህን አሻገርኩት። እዚያም የሚበቃውን ያህል ጠብቀን በሩን ከፈትን። እትዬ ዘሐራ ሻማ ለኮሱ። በዚህ ቤት ብርሃን የተፈቀደበት የመጀመሪያው ደቂቃ ነበር። ፊልሙን ወደ ሻማው አነሣሁት።

ጥቁር አልነበረም። ትንንሽ መስኮቶች ተሰልፈውበታል፤ በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ ሰው ነበር።

ፊልም ሲታጠብ ብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠይቃል። የእነሱ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ያ ቀን ተራቸው አልነበረም። እትዬ ዘሐራ ለጠዋት ያስቀመጡትን ጀሪካን ሳይናገሩ አምጥተው አፈሰሱልኝ። ፊልሙን በልብስ መቆንጠጫ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሰቅለን ተኛን።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት አባ ቶሎሳ ግቢ ደረስኩ። እትዬ ዘሐራም «የእኔም ሥራ ነው» ብለው አብረውኝ መጡ። ጫልቱ ለፈረቃዋ ለብሳ ልትወጣ ነበር፤ ስታየን ቆመች።

ፊልሙንና አጉሊ መነጽር ለአባ ቶሎሳ ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ከፎቶዎቹ ግማሹ ተንቀጥቅጧል፤ አንዱ ላይ ያለችው የላም ጭራ ብቻ ናት። የመጀመሪያው ግን ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር።

«ጥርሳቸው ጠቁሯል» አሉ።

«ይህ ኔጋቲቭ ይባላል አባ። ብርሃን የበዛበት ቦታ ይጠቁራል፣ ያነሰበት ይነጣል። ጥርሳቸው ነጭ ስለሆነ...»

«ቆይ ቲቸር» አለች ጫልቱ። ስልኳን አወጣች፤ ካሜራውን ከፍታ ቀለም የሚገለብጠውን ምልክት ነካች። «አካኮ፣ ይስጡኝ፤ በዚህ ስናየው ልክ ይሆናል።»

ፊልሙን አልሰጧትም። «ስልክሽ አያስፈልገኝም» አሉ። «ጥርሳቸው ቢጠቁርም ሲስቁብኝ አውቃቸዋለሁ። ይኸው ደረጄ፣ ጭዱ አፉ ላይ። ይኸው አንቺ፣ ወገብሽን ይዘሽ።» ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ለእሷ ሰጡ።

ጫልቱ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች፤ እንደገና ጎንበስ ብላ አየች። ሰርቪሷ አስፋልቱ ላይ ጥሩምባ ነፋ፤ አልሄደችም።

«እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ አያቷን አየቻቸው። «አካኮ... እንግዲህ ላይተሩ ፎቶም ያነሣል ማለት ነው።»

ያን ጊዜ አባ ቶሎሳ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ካሴቱን አመልካች ጣታቸውና አውራ ጣታቸው መሃል ይዘው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የመጀመሪያውን ፎቶ በመቀስ ቆርጬ ሰጠኋቸው። የት እንደሚያደርጉት ትንሽ ካሰቡ በኋላ የተቆለፈችውን ካሜራቸውን ከፈቱ፣ ካሴቱ በወጣበት ባዶ ቦታ ውስጥ አኖሩትና ገጥመው ዘጉት። ልክ ገባ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ዲላ ካሴቱን ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩ ሄድኩ። ማክሰኞ የሳይንስ ክበቡ ውስጥ «ጥይቱ መጣ» አልኩ፤ የቀረውን ከሰሙ በኋላ ሁሉም በአንድነት የጠየቁኝ «መቁጠሪያ ከየት እናመጣለን?» ብለው ነው።

እናንተም ሞክሩት። እንዲህ ያለች ካሜራ ባይኖራችሁ እንኳ የክብሪት ቀፎ አላችሁ። ቀፎውን በጥቁር ወረቀት ለብዱት፣ ፊቱን በመርፌ ብሱት፣ ከኋላው ተራ ፊልም አሳልፉበት፤ እሱም ያነሣል። ማጠቢያው ቡና፣ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ነው፤ ምስሉን የሚያጸናውን ጨው ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ጠይቁ። ሰዎች ይስቁባችኋል። ሲስቁ አንሡአቸው። ከሁሉ በፊት ግን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው አቁሙ፤ ያላችሁበት ቤት እንግዳ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ያንን ሰው ወደ ውስጥ አስገቡት።